ደም የሚያየውን ካሜራ ይዘን ደባርቅ፣ በሰሙነ ሕማማት

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድን የሚያውቀው ማቀዝቀዣ ሲከፍት ነው። እኔም ያው ነበርኩ። ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳባትና ደባርቅ ደርሼ ስመለስ ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ቆመው «ዘሃራ፣ አገሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ «ይበርዳል» ብዬ ብቻ ገባሁ። ያን ቀን በቃል ያልነገርኳቸውን ዛሬ በጽሑፍ ልንገራቸው። ያ ሳምንት ይናፍቀኛል። አብረውኝ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ አርፈዋል፣ የቀሩትም ተበታትነዋል፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ከጉልበቴ ጋር ነው የምጣላው።

ድሬ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበርኩ። ከአንዱ የሰውነት ክፍል ቆዳን ከነደም ሥሩ አንስቶ በተጎዳው ቦታ ላይ የሚተክል ሐኪም ነበረን። ዶክተር ሲሳይ ይባላል፤ የዳባት ልጅ ነው። ለእርዳታ የመጡ የውጭ አገር ሐኪሞች ሲሄዱ ደግሞ አንድ ካሜራ ትተውልን ነበር። በሽተኛው ደም ሥር ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ይወጋል፣ መብራት ይጠፋል። ካሜራው የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ስለሚያይ፣ ደም የደረሰበት ሥጋ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል። ያልደረሰበት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የተተከለ ቆዳ ይዳን ይሙት በዓይን ብቻ ሲታይ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ካሜራው ግን ከመቁረጣችን በፊት ይነግረናል። ያዡ እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ሲነካብኝ ፊቴ ይጠቁራል።

የሄድነው ጌታነህ ለሚባል ሰው ነው። በስሜን ተራራ ለቱሪስት ዕቃ የሚጭን በቅሎ ነጂ ነበር። አንድ ቀን ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ማደሪያ ሲመለስ በነፋስና በብርድ የተማረሩ በቅሎ ነጂዎች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ገመዱን መዳፉ ላይ ጠምጥሞ እጁን ከጋቢው ሥር ከተተ። ድንጋይ ሲንከባለል በቅሎዋ ደነበረች። ገመዱ የቀኝ እጁን ቆዳ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ሥር እንደ ካልሲ ገፎ ይዞት ሄደ። ዶክተር ሲሳይ በዚያው ሰሞን እናቱን ሊጠይቅ አገሩ ነበርና ደባርቅ ሆስፒታል ጠርተው አሳዩት። የተገፈፈውን እጅ ከታችኛው ሆዱ ቆዳ ጋር ሰፍቶት ወደ ድሬ ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እጁ ሆዱ ላይ እንደተሰፋ ይቆይና የሆዱ ቆዳ ከእጁ ደም መጠጣት ሲለምድ ይቆረጣል። ሳይለምድ ከተቆረጠ ቆዳው ይሞታል፣ እጁም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ከተቆየ ደግሞ ጣቶቹ ደርቀው ይቀራሉ። ጊዜው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕማማት ላይ ዋለ።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ከድሬ ተነሳን፣ አዲስ አበባ አደርን፣ ማክሰኞ ወደ ጎንደር በረርን። ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ሳጥኑን አስከፍታ «ምንድነው?» አለችኝ።

«ደም የሚያይ ካሜራ ነው።»

«የማንን ደም?» ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ዶክተር ሲሳይ መታወቂያውን አውጥቶ እስኪያስረዳ ድረስ ከኋላችን የቆመው ሰልፍ ሁሉ እኔን እያየ ነበር።

ከጎንደር ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን ወደ ዳባት ወጣን። ከድሬ ሲወጣ መንገዱ ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል፤ የዚህ አገር መንገድ ግን ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ጎማ ተነፈሰብን። ካሜራው እንዳይበርደው ይመስል ሳጥኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ መንገድ ዳር ቆምኩ። ነፋሱ አጥንት ይቆጥራል። ከማዶ ካለው ቤት አንዲት ሴትዮ ጋቢ ይዛ እየሮጠች መጣችና አለበሰችኝ።

«ምነው እናቴ! ሕፃኑን እኮ ብርድ መታው! ግቢ ተቤት፣ ግቢ!»

ሕፃን እንዳልሆነ ብነግራት አላመነችኝም። ነጠላውን ገልጬ ሳጥኑን ሳሳያት አፏን በእጇ ይዛ መሬት ተቀምጣ ሳቀች። ጎማው ተቀይሮ ጋቢዋን ስመልስላት «ለሱም ቢሆን ይበርደዋል፣ ያዢው» ብላ ድርቅ አለች። በግድ መለስኩላት።

ዳባት የዶክተሩ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ በር ላይ ጠበቁን። እኔ የድሬ ሰው ነኝ፤ ሰላምታ ማለት አንገት ላይ መጠምጠም ነው። እጄን ዘርግቼ ሄድኩባቸው። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉና ወደ ኋላ ሸሹ። ልጃቸውንም አልሳሙትም። ሙስሊም ስለሆንኩ ይሆን ብዬ ሆዴ ባሰው፣ ለእሳቸው ብዬ ከድሬ ያመጣሁትን ሐሉዋ የሚባል ጣፋጭ እንደያዝኩ ደረቅኩ። ዶክተር ሲሳይ ሳቀብኝ። ይሁዳ ጌታን የሸጠው ስሞ ነውና በሕማማት ሳምንት ሰላምታና መሳሳም የለም ለካ። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ዝም ተባብሎ ነው የሚተላለፈው።

እማማ ጥሩነሽ ሐሉዋውን ተቀብለው ለፋሲካ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብተው አዲስ ሳህንና አዲስ ኩባያ አሳዩኝ፤ ለእኔ ብለው ከገበያ የገዙት ነው። የክርስቲያን ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ዕቃ እንድበላበት ነበር ሐሳባቸው።

«ምን አስቸገረዎት እማማ? ጾም አይደል እንዴ፣ ሥጋ የት አለ?» አልኳቸው።

«እሱስ የጦም ወጥ ሃይማኖት የለውም፤» አሉ «ግን ልብሽ እንዳይጠረጥር ብዬ ነው።» እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ ሲመጣብኝ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ነፍሳቸውን ይማር።

ረቡዕ ጠዋት ደባርቅ ገባን። ጌታነህን ያየሁት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ረጅም ቀጭን ሰው ሲሆን ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ ስለተሰፋ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሆዱን ቁርጠት የያዘው ይመስላል። ባለቤቱ ብርቄ ከጎኑ አትለይም፤ ሦስቱን ሳምንት ያጎረሰችው፣ ያለበሰችው፣ ፊቱን ያጠበችው እሷ ናት።

«ሲስተር፣» አለኝ «ዛሬ ይለቁኛል?»

«ካሜራው እሺ ካለ» አልኩት።

የኦፕራሲዮኑ ክፍል መስኮት ፀሐይ ነበረበት። ፀሐይ ደግሞ ካሜራውን ታሳውረዋለችና በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ከዚያ ቀለሙን የምሰጥበት ደም ሥር ፍለጋ ግራ ክንዱን ያዝኩ። ደም ሥሩ ሁሉ ተደብቋል። ክንዱን በጣቴ እየመታሁ ደጋግሜ ፈለግኩ። እንደምንም አገኘሁ። ዶክተር ሲሳይ ከሆዱ በኩል ያለውን የቆዳውን ሥር በለስላሳ የላስቲክ ቱቦ አሰረው፤ ከሆዱ የሚመጣው ደም ሲዘጋ ቆዳው ከእጁ ይጠጣ እንደሆነ ልናይ ነው። ቀለሙን ሰጠሁ። መብራት ጠፋ።

ሆዱ በራ። ቆዳው አልበራም። ጠበቅን፤ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጌታነህ የተደነዘዘው የሚቆረጠው ቦታ ብቻ ስለሆነ ነቅቶ ስክሪኑን ያያል፤ ጥቁሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገርነውም። ዶክተር ሲሳይ ቱቦውን ፈታና መብራት አበራ። ሰውየው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አልደረሰም» አለኝ። ቅዳሜ አውሮፕላን አለን፣ ካሜራውም ከእኛ ጋር ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ቢቆረጥ ቆዳው ይሞታል፤ ትተነው ብንሄድ ጣቶቹ ይደርቃሉ፤ የሚቆርጠውም ሐኪም ሳያይ በግምት ነው የሚቆርጠው።

ትንሽ ቆይቶ ግን ዶክተሩ የተቀዳውን ምስል እንደገና አየው። «ዘሃራ፣ የገዛ ጣቶቹም እኮ አልበሩም። ደሙ ራሱ ወደ እጁ አልሄደም።» ከዚያ ዞሮ ጌታነህን ጠየቀው፤ «መቼ ነው የበላኸው?»

«ሰኞ ማታ።»

«ውሃስ?»

«አብሮ።»

«ከማታ ጀምሮ ብቻ ነው እኮ አትብላ የተባልከው!»

«እሱማ የእናንተ ጦም ነው፤» አለ ጌታነህ በትሕትና። «እኔ የራሴን ቀደም ብዬ ጀመርሁ። ሕማማት አይደለም እንዴ?»

ነገሩ ተገለጠልን። ሰውየው ደርቋል፣ ክፍሉም በረዶ ነው። ውሃ ያጣና የበረደው ሰውነት ደሙን ወደ ልብና ወደ ሆድ ሰብስቦ እጅና እግርን ይነፍጋል። የተከልነው ቆዳ ምናልባት ለምዶ ይሆናል፤ የሚጠጣው ግን አላገኘም። ወዲያው ጉሉኮስ ላንጠለጥል ስነሳ ጌታነህ ክንዱን ሰበሰበ።

«ቀለሙን መድኃኒት ነው ብዬ ተቀበልሁ። ጉሉኮስ ግን ምግብ ነው፤ ውሃም በደም ሥር ቢገባ ያው ውሃ ነው። እስከ ትንሣኤ አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ። ስእለቴን ካፈረስሁ እጄን ባድን ምን ዋጋ አለው?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን ይቆጣ ነበር። ዶክተር ሲሳይ ግን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔም ልቆጣው አልቻልኩም። የስኳር በሽታዋን ደብቃ ረመዳንን የጾመች እናት አሳድጋኛለች። በመጨረሻ ብርቄ «የንስሐ አባታችን ያዘዙትን ይሰማል» አለች። ዶክተሩ ሌሎች በሽተኞች ነበሩበትና እኔ ከብርቄ ጋር በሚኒባሱ መንደራቸው ወዳለበት ወደ ቡይት ራስ ወጣሁ፤ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ለካህኑ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ገደሉ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ዝንጀሮዎቹን በመስኮት አየኋቸው፣ ገደሉን አላየሁም። መኪናው ካቆመበት ወደ መንደሩ በእግር ስንወጣ ትንፋሼ ተቆርጦ የማየው የብርቄን ተረከዝ ብቻ ነበር። ድሬ ላይ ሽቅብ የሚባል ነገር የለንም። እሷ በየመሃሉ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንዴ ብቻ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዳ ራሷ ያዘችው።

የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ በሰጋጅ ተሞልቷል። ብርቄ ገባች፣ እኔ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከስግደቱ ዕረፍት ላይ መምሬ ታከለን ይዛቸው ወጣች። ነጭ ጺም ያላቸው፣ ከመቋሚያቸው የማይወፍሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔም እንደ አገሬ፣

«አባ፣ የጌታነህ የንስሐ አባት አንተ ነህ?» አልኳቸው።

ብርቄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ድሬ ውስጥ ከንቲባውም፣ ሼኩም፣ ቄሱም አንተ ነው፤ እዚህ ግን ምድር ተሰነጠቀች። መምሬ ታከለ ፈገግ አሉ።

«ተያት ብርቄ። ፈጣሪንስ አንተ አይደል የምንለው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የካሜራውን፣ የደሙን፣ የውሃውን። እያንዳንዱን ነገር መልሰው እየጠየቁ አዳመጡኝ።

«ለታመመ ሰው ጦም የለበትም፤» አሉ። «ይኸን እሱም ያውቀዋል።»

«ያውቃል መምሬ፣» አለች ብርቄ «ግና ተስሎ ነው። ‹እጄን ካተረፍህልኝ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አልቀምስም› ብሎ ተስሎ። እርስዎ ካልፈቱት አይሰማንም።»

«በዚህ ሳምንት ፍትሐት የለም ልጄ። መስቀልም አናሳልምም፣ አናናዝዝም። ሥርዓቱ ነው።»

ብርቄ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ይኸን ሁሉ ዳገት የወጣነው ለዚህ ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«መፍታት አልችልም፤» አሉ። «መሸከም ግን እችላለሁ። እኔ በርጅናዬ ማታ ማታ ጥሬ እቆረጥም ነበር። ተዛሬ ጀምሮ ያንንም ትቻለሁ። ስእለትህን መምሬ ይዘውልሃል በይው። እሱ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ያንን ውሃም ይቀበል።»

«መምሬ፣ በዚህ አቅምዎ?» አለች ብርቄ።

«አቅሜን ማን ጠየቀሽ? ሂጂ፣ ይመሽባችኋል።»

በእኛ ዘንድ መጾም ያቃተው ሰው ድሃ ያበላል። ሌላ ሰው ጾሙን ተቀብሎ በገዛ ሆዱ ሲሸከም ግን ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ።

ጌታነህ ነገሩን ከባለቤቱ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ ሳይዞር ግራ ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ። «ይውጉኝ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ክንዱ ላይ ደም ሥሩ ገመድ መስሎ ተነሥቶ ጠበቀኝ። የኦፕራሲዮን ጓንቶችን በሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ አፋቸውን አስሬ፣ በሰውነቱ ዙሪያ ደረደርኳቸው። «ላም የምታልቡ መሰላችሁ እኮ!» ብሎ ሳቀብን። ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። መስኮቱን ሸፈንን፣ የቆዳውን ሥር አሰርን፣ ቀለሙን ሰጠሁ፣ መብራት ጠፋ።

መጀመሪያ የእጁ አንጓ ነጣ። ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ስፌቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ደረቅ ቦይ ላይ ውሃ እንደተለቀቀ፣ በስፌቱ ላይ በቀጫጭን መስመር ተሻገረና አዲሱን ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ከሆዱ ምንም አልመጣለትም፤ ሁሉም ከእጁ ነው። ዶክተር ሲሳይ «እሰይ!» ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ።

«ያ የኔ ደም ነው?» አለ ጌታነህ ስክሪኑን እያየ።

«ያንተ ነው።»

«ተዚህ በፊት በዚያ በኩል መንገድ ነበር?»

«አልነበረም» አለው ዶክተሩ።

«ታዲያ ማን መርቶት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ በቅሎ ነጂው።

ዶክተሩ ቆረጠ። ሦስት ሳምንት ተሰፍቶ የቆየው እጅ ከሆዱ ተላቀቀ። ወፍራም ነው፣ መልኩም ገና የእጅ አይመስልም፤ ሮዝነቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ፣ በሕይወት ያለ ሥጋ መልክ ነው። ብርቄ ስታየው እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏት በነጠላዋ አፈነችው።

ማታ እማማ ጥሩነሽ ጉልባን አቀረቡልን፤ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ፣ የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ነው። ጨው በዝቶበት ነበር። ድሬ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ልሠራው ሞከርኩ፣ ጨውም አበዛሁበት፣ እንደዚያ አልሆነልኝም። ዓርብ ስቅለት ነውና ዳባት ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ከተማ መሰለች፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ደባርቅ ሄጄ የጌታነህን ፋሻ ቀየርኩ። አንድ ነገር ደጋግሜ አስጠነቀቅኩት፤ ይህን እጅ ብርድ እንዳያገኘው፣ ገና እንግዳ ነው፣ ብርድ ካገኘው ደሙ ይሸሻል። «ሁሌ ሙቅ ቦታ ይሁን» አልኩት። ብርቄም ልክ እንደ ጸሎት አብራኝ ደገመችው።

ቅዳሜ ወደ ጎንደር ከመመለሳችን በፊት ለመሰናበት ሆስፒታሉ ጎራ አልን። ጌታነህ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየጠበቀ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ከደመናው ገና አልወጣችም። ያ ቀን ካህናት ለንስሐ ልጆቻቸው ቀጤማ የሚያድሉበት ቀን ነው። መምሬ ታከለ ከቡይት ራስ በመጣ መኪና ወርደው፣ ቀጤማቸውን በክንዳቸው ታቅፈው ሲመጡ ከሩቅ አየናቸው። አካሄዳቸው የረቡዕ አካሄድ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። ጌታነህ ሊነሣ ሲል በእጃቸው ተቀመጥ አሉትና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፣ ጉንጫቸው ገብቷል። ቀጤማውን ራሱ ላይ አሰሩለት። ጌታነህ ፊታቸውን አየ።

«መምሬ፣ በኔ ምክንያት...»

«ዝም በል። እጅህን አሳየኝ።»

እጁን በፋሻና በፎጣ እንደተጠቀለለ አሳያቸው። የጣቶቹን ጫፍ ነኩና ወደ እኔ ዞሩ። «በርዶታል። ሲስተር፣ ይኸ ይበርደው ዘንድ ተፈቅዷል?»

«አልተፈቀደም» አልኩ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከፈቱ። እጁን በቀስታ ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡና በገዛ ሆዳቸው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ጋቢውን መልሰው አጣፉበት።

«አስገባው ልጄ፣ አትፈር» አሉት። «እዚህ ባዶ ነው፤ ሰፊ ቦታ አለ።»